ውሻዬን አላውስም

እንቢ ማለት የቻልኩት ዘንድሮ ነው። እስከዚያ ድረስ እሺ ባይ ነበርኩ። ጎረቤት ሲልከኝ እሺ፣ የክፍል ጓደኛዬ ደብተሬን ሲጠይቀኝ እሺ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እንኳ መምህሩ ሳይመጣ ሰሌዳውን የማጸዳው እኔ ነበርኩ፣ ማንም ሳያዘኝ። ስለዚህ አንድ ባህር ማዶ ያለ ውሻ አርቢ ውሻዬን በውሰት ሲጠይቀኝ፣ ቤተሰቤ መልሴን ከእኔ በፊት ያውቀው ነበር።

የጠበቁት መልስ ሳይመጣ ቀረ። እንዴት እንደቀረ ልጻፈው፤ በሰፈራችን ታሪኩ በሌላ መልክ ይወራል። «ልጅቷ ለውሻ ብላ የአጎቷን እንጀራ ዘጋች» ይባላል። እንጀራው ተከፍቶ እንደነበረ ማንም አልጠየቀም።

የምንኖረው ሀርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው፤ እኔ፣ እናቴና የእናቴ ወንድም። ሁለቱም ያደጉት ድሬዳዋ ነው፤ እኔም እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያ ተምሬያለሁ። ቤት ውስጥ አማርኛ እንናገራለን፣ በተለይ ጎረቤት እንዲሰማው የማንፈልገውን ነገር። አጎቴን ግን በሶማልኛ አብቲ ነው የምለው። እሱም መልሶ እኔን አብቲ ይለኛል፤ ወጉ እንደዚያ ነው፣ አጎትና የእህት ልጅ በአንድ ቃል ይጠራራሉ።

አጎቴ አንድ የዓረብ አገር ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የአንድ ሽማግሌ ሰሉቂዎች ጠባቂ ነበር። ሰሉቂ እግሩ ረጅም፣ ወገቡ ቀጭን፣ ጆሮው ላይ ሐር የመሰለ ጠጉር የሚንጠለጠል የአደን ውሻ ነው። እዚያ ለሰሉቂ የቁንጅና ውድድር ይደረጋል። ዳኞቹ ጥርስ ገልጠው ያያሉ፣ ደረት በእጃቸው ይለካሉ፣ አረማመዱን አጎንብሰው ይመለከታሉ። አንድ ዓመት አጎቴ አንዲት ወጣት ውሻ ይዞ ገባና አንደኛ ወጣች። ዋንጫውን ሽማግሌው ወሰዱ፣ አረንጓዴው ሪባን ለአጎቴ ተረፈ። በኋላ ሽማግሌው ጉልበታቸው ሲደክም ውሾቻቸውን ለዘመድ ለወዳጅ አከፋፈሉ፤ እሷን ለአጎቴ ሰጡት። «ከአንተ ሌላ ለማንም ቀጥ ብላ አትራመድም» አሉት።

ሀርጌሳ አየር ማረፊያ በእንጨት ሳጥን ውስጥ ሆና የደረሰች ቀን እኔና እናቴ ልንቀበላቸው ሄደን ነበር። እናቴ ሳጥኑ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ በፍርግርጉ አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችው አጎቴን።

«ሰሉቂ ናት።»

«ውሻ ናት ወይ ነው የምልህ።»

«ውሻ አይደለችም። ዓረቦቹ ሰሉቂን ውሻ አይሉም።»

«አራት እግር አላት፣ ጭራ አላት፣ እያየችኝ ምላሷን አውጥታለች። ዘጠኝ ዓመት ቆይተህ ያመጣህልኝ ይቺን ነው?»

እናቴ ለአንድ ሳምንት ያህል ውሻዋ ባለችበት በኩል አላለፈችም። እውነት ለመናገር ምክንያት ነበራት። በመዝሀባችን፣ በምንከተለው የሸሪዓ ትምህርት፣ የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። ስለዚህ ግቢያችን ውስጥ ከቧንቧው አጠገብ ንጹሕ አፈር የሞላ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ተቀመጠ። እኔ ለውሻዋ የምለብሰው አንድ አሮጌ ድሪዕ፣ ሰፊ የቤት ቀሚስ፣ አለኝ፤ ከእሷ ጋር ስጫወት እለብሰዋለሁ፣ ሶላት ሲደርስ አውልቄ እጄን በአፈሩ አሽቼ ሰባት እቆጥራለሁ። እናቴም አንድ ቀን ውሻዋ የላሰችውን ሳህን ይዛ ቧንቧው ጋ ቆማ እየተራገመች ሰባት ስትቆጥር አየኋት። ከዚያ በኋላ መራገሙን ተወችው፣ መቁጠሩን ግን አልተወችም።

አጎቴ ያጠራቀመውን ይዞ አሮጌ መኪና ገዛና ከአየር ማረፊያ ከተማ የሚመላለስ ታክሲ ነጂ ሆነ። ውሻዋ መኪናው ውስጥ እንዳትገባ ከለከለ። «ሰጋጅ ነው የማሳፍረው፤ መቀመጫውን በየቀኑ በአፈር ላሸው ነው?» ይል ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ጤና ክፍል የገባሁ ቀን ደግሞ አረንጓዴውን ሪባን ከሻንጣው አውጥቶ በእናቴ ፊት የእጄ አንጓ ላይ አሰረልኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ናት፤ እኔ መኪናዬን ልጠብቅ» አለኝ። ስጦታ በእኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። የእኔ ሆነች፤ ሪባኑም ከእጄ አልወረደም።

በየማለዳው ይዣት እወጣለሁ። ከሰፈሩ ወጥተን ቤቱ ሳሳ ሲል ሜዳው ይጀምራል፤ እዚያ ገመዷን እፈታላታለሁ። እስክንደርስ ድረስ ግን አንገቴን ቀና አድርጌ መሄድ ነበረብኝ። ሴት ልጅ፣ ያውም ተማሪ፣ ያውም ከውሻ ጋር። አንዲት ጎረቤታችን በር ላይ ቆማ ሁልጊዜ ትለክፈኛለች።

«የውሻ እናት፣ ዛሬ ልጅሽን ትምህርት ቤት አታደርሻትም?»

መጀመሪያ አካባቢ እየሳቅኩ አልፋት ነበር፤ እሷን እንዳላስቀይም። አሁን «ከእኔ ጎበዝ ስለሆነች መማር አያስፈልጋትም» እላታለሁ።

አንድ ቀን የክፍል ጓደኛዬ ውሻዋ ሜዳው ላይ ስትሮጥ በስልኩ ቀርጾ ለሰው ላከ፤ ያም ለሌላ ላከ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ በአጎቴ ስልክ ላይ አንድ የማያውቀው ሰው በዓረብኛ ደወለ። ውሻ አርቢ ነው። ያን ጊዜ ውድድሩ ላይ ነበር፤ የአረማመዷን ነገር አልረሳውም። ሁለት ጊዜ አንደኛ የወጣ ወንድ ሰሉቂ አለው፣ ለእሱ የምትመጥን ሴት አጥቷል። አጎቴ ስልኩን በቪዲዮ አድርጎ ወደ ውሻዋ አዞረለት። ሰውየው ፊቱን ወደ ስልኩ አስጠጋ።

«ይቺ ውሻ አይደለችም» አለ በመጨረሻ። «ይቺን ውሻ ያለ ሰው ዓይን የለውም።»

ከዚያ ሐሳቡን ነገረን። ለአንድ ወቅት በውሰት እንድንሰጠው ይፈልጋል። መግዛት አይፈልግም፤ ሃይማኖቱን የሚያውቅ ሰው ነው፣ የውሻ ዋጋ መስጠትም መቀበልም አይፈቀድም። ስለዚህ ውሰት። ከወንዱ ጋር ትቆያለች፣ ትወልዳለች፣ ትመለሳለች። ስልኩን ሊዘጋ ሲል ለአጎቴ አንድ ነገር ጣል አደረገለት።

«ጠባቂም ትፈልጋለች። ከአንተ ሌላ ለማን ትራመዳለች? አብረሃት ትመጣለህ፣ ኢንሻአላህ።»

የአጎቴን ፊት አይቼዋለሁ። እዚያ አገር የውሾቹ አለቃ ነበር፤ ሼኾች በስሙ ይጠሩታል፣ ዳኞች አስተያየቱን ይጠይቁታል። እዚህ «ሾፌር፣ ስንት?» ነው የሚባለው። በማግስቱ አየር ማረፊያ ላሉት ታክሲ ነጂዎች ሁሉ ሊሄድ መሆኑን ነገራቸው።

ማታ እራት ላይ ማንም ጥያቄውን አላነሳም። እናቴ ናት በመጨረሻ፣ «ትሂዳ፣ ምን ይሆናል፤ ጎረቤትም ያርፋል» ያለችው። አጎቴ ሩዙን እያየ፣ «ያንቺ ናት አብቲ፤ እንዳሻሽ» አለኝ። ቃሉ ይሄ ነበር። ግን ከሰዓት ላይ ያን የእንጨት ሳጥን ከጣሪያ አውርዶ የተነቀለውን ፍርግርግ ሲመታ ሰምቼዋለሁ። እጁ ላይ ሚስማር የወጋው ቦታ ገና ይታይ ነበር።

እኔም እሺ አልኩ። ማንም እንዳይከፋው፣ ቶሎ። እንቢ ማለት ደግሞ ኃጢአት መሰለኝ፤ መድረሳ ስማር ለጎረቤቱ ትንሽ የቤት ዕቃ ማዋስ የሚነፍግ ሰው ምን ያህል እንደሚወቀስ ተምረን ነበር። የተማሪ ነገር ሆኖብኝ ግን ለሰውየው በጥሩ ዓረብኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። «በደስታ» ብዬ ጀመርኩና ሦስት ጥያቄ በትሕትና ጠየቅኩ፤ መቼ ትመለሳለች፣ አንድ ነገር ብትሆንስ፣ የአጎቴ ሥራስ በወረቀት ይሰፍራል ወይ።

መልሱ ውል ሆኖ መጣ። ሁለት ገጽ። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ አሳትሜው እርሳስና ማስመሪያ ይዤ አነበብኩት፣ ለፈተና እንደሚጠና። ውሻዋ የምትመለሰው «ሥራው ሲያልቅ» ነው፤ ቀን የለውም። ቡችሎቹ ሁሉ የተዋሹ፣ ማለትም የሰውየው፣ ናቸው። ጠባቂ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። መጨረሻው ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል፤ ውሻዋ ብትሞት ወይም ብትጠፋ፣ ውሻ በሸሪዓ ዋጋ የሌለው ስለሆነ ተዋሹ ምንም ነገር አይጠየቅም።

እዚያች መስመር ላይ እርሳሴን አኑሬ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ አጎቴ ለሰውየው እንዲደውል ጠየቅኩት። ስልኩን ተቀብዬ፣ በጣም በጨዋ ድምፅ፣ ሰውየውን ስለዚያች መስመር ጠየቅኩት።

«ልጄ» አለኝ፣ «ይሄ እኮ የእኔ ሕግ አይደለም። ውሻ ውሻ ነው። ሸሪዓው እንዲህ ካለ እኔ ምን ላድርግ?»

«እርስዎ ግን ውሻ አይደለችም ብለውን ነበር።»

«ያ ሌላ ነገር ነው» አለ። «ያ ምስጋና ነው።»

አጎቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደና ይቅርታ ጠየቀው። በእኔ ስም።

በማግስቱ ከክፍል በኋላ ዋሄን ገበያ ወረድኩ። እዚያ በገንዘብ መንዛሪዎቹና በተሸካሚዎቹ መሀል ተጋፍቼ፣ ከአንድ የመጻሕፍት መሸጫ በር ላይ ከዐስር ሶላት በኋላ የሚቀመጡ ሼህ ጋ ደረስኩ። መድረሳ ያስተማሩኝ ናቸው። ጥያቄዬን ደብተር ላይ ጽፌ ነበር፤ ቆሜ አነበብኩላቸው። ባለሱቁ ሥራውን ትቶ ያዳምጣል።

«ውሻዋ ያንቺ ናት?» አሉኝ ሼሁ።

«አዎ ሼህ።»

«ለምን ታቆያታለሽ?»

«ግቢ ትጠብቃለች፤ አዳኝም ናት።» ከዚያ መዋሸት ስላልፈለግኩ፣ «እወዳታለሁም» አልኩ።

ባለሱቁ ሳቀ። ሼሁ አልሳቁም።

«ሰውየው ስለ ሕጉ አልዋሸም» አሉ። «በእኛ መዝሀብ የውሻ ዋጋ የለም። ሌላ ዕቃ በውሰት ወስዶ ያጠፋ ሰው ይተካል፤ ውሻ ያጠፋ አይተካም። እንግዲህ ከሰጠሻት በኋላ የሚይዘው ሕሊናው ብቻ ነው። ሕሊናው ምን ያህል እንደሆነ ወረቀቱ ላይ አንብበሻል።»

«እንቢ ብልስ፣ ዕቃ እንደከለከለ ሰው እወቀሳለሁ?»

«ጎረቤት ድስት ሲጠይቅሽ አትከልክይ። ይቺ ድስት አይደለችም። ውሰት በደግነት የሚሰጥ ነው፣ በግድ የሚወጣ አይደለም። እንቢ በይና ወደ ትምህርትሽ ሂጂ።»

ዕድሜዬን ሙሉ እንቢ በይ ብሎ ያዘዘኝ ሰው አልነበረም። ከገበያው እስከ ቤት በእግሬ ሄድኩ፤ አቀበቱን እንኳ አላወቅኩትም።

አጎቴ ግቢው ውስጥ ሳጥኑን ቀለም እየቀባ አገኘሁት። አልሰጥም አልኩት። ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ አስቀመጠ።

«ስለምትወጃት ነው የምትፈሪው» አለኝ። «እኔስ አልወዳትም? በእጄ ነው ያሳደግኳት።»

«አውቃለሁ አብቲ። ግን እዚህ ወረቀት ላይ አንተ የት አለህ? አሳየኝ።»

ወረቀቱን ተቀበለኝ። የመጀመሪያውን ገጽ አየ፣ ሁለተኛውን አየ፣ ገልብጦ ጀርባውን ሁሉ አየ።

«በቃሉ ነግሮኛል» አለ።

«በቃሉ ውሻ አይደለችምም ብሎ ነበር።»

«ተማርሽና አፍ አወጣሽ።»

«አዎ» አልኩት። «አንተ ነህ የሰጠኸኝ። የእኔ ናት ብለሃል። የእኔ ከሆነች እንቢ ማለትም የእኔ ነው። ካልሆነች ሪባንህን ውሰድና አንተ ፈርምላት።»

ሪባኑን ከእጄ አንጓ መፍታት ጀመርኩ። እናቴ ከበሩ ላይ ቆማ ስታዳምጥ ነበር። እጇን በፎጣ እየጠረገች መጣችና ሪባኑን መልሳ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው።

«እኔ ውሻ አልወድም» አለች ለአጎቴ። «ግን ሦስት ዓመት የዚችን ሳህን ሰባት ሰባት ጊዜ አጥቤያለሁ። ይሄን ሁሉ ያጠብኩትን ነገር ማንም ተነስቶ ዋጋ የለውም አይለኝም። ጻፊለት።»

ጻፍኩ። አሁንም ጨዋ ደብዳቤ ነው፤ ጨዋነቱን አልተውኩም፣ ማጎንበሱን ነው የተውኩት። እንዲህ የሚል ነበር፦

«ክቡር ሆይ፣ ስለ ውሻችን ላሳዩት አክብሮት እናመሰግናለን። እሷ አትመጣም። ቡችሎች ከፈለጉ ወንዱን ይላኩልን። አጎቴ ሀርጌሳ አየር ማረፊያ መጥቶ ይቀበለዋል፤ ከእሱ የተሻለ ጠባቂ እንደሌለ እርስዎም ተናግረዋል። ለአንድ ወቅት በውሰት እናቆየዋለን። ውሉ የራስዎ ይሁን፤ አንድ ቃል አልለወጥኩም፣ የአዋሹንና የተዋሹን ስም ብቻ አቀያይሬያለሁ። ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል። ቢሞት ወይም ቢጠፋ፣ እንደጻፉት፣ አንጠየቅም።»

ከመላኬ በፊት ለአጎቴ አነበብኩለት። አልተቆጣም፣ አልፈቀደም። «ወንዱን ከላከ የት ነው የምናሳድረው?» ብቻ አለ። ገባኝ፤ ሰውየው እንደሚልክ ተስፋ አድርጓል። በራሱ ልብ ያንን ሰው አሁንም ያምነዋል። በዚያ አዘንኩለት፣ ደብዳቤውን ግን ላክኩት።

መልሱ በድምፅ መጣ፣ ለአጎቴ። ሦስታችንም ግቢው ውስጥ ነበርን፤ ውሻዋ የሳጥኑ ጥላ ሥር ተኝታለች። አጎቴ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከፈተው።

«የእህትህ ልጅ ቀልደኛ ናት» ይላል ሰውየው። «ያ እኮ ውሻ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ አንደኛ የወጣ ሰሉቂ ነው። በእሱ ዋጋ አዲስ መኪና ይገዛል። ያለ ዋስትና፣ ያለ ማስያዣ፣ ለማላውቀው ሰው፣ ለማላውቀው አገር እንዴት ነው የምሰጠው? ንገራት እስቲ።»

አጎቴ ድጋሚ ከፈተው። ሦስተኛ ጊዜ ከፈተና «አዲስ መኪና» የሚለው ላይ ሲደርስ ዘጋው።

«ዋጋ ተገኘለት» አለ።

እኔ ያሸነፍኩ መስሎኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የአጎቴን እጆች ሳይ ግን ደስታዬ የትም አልደረሰም። በጥፍሮቹ ዙሪያ የሳጥኑ ሰማያዊ ቀለም ደርቋል። «ለማላውቀው ሰው» የተባለው እሱ ነው። ያን ሁሉ ሳምንት «ከአንተ ሌላ» ሲባል የነበረው ሰው።

አየር ማረፊያው ላይ ለተወሰነ ጊዜ ቀለዱበት። አንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲ ሲያመጣኝ በዚያ በኩል አልፈን ሰማሁ።

«ኧረ አንተ፣ ዛሬም እዚህ ነህ? አውሮፕላኑ ጥሎህ ሄደ?» አለው አንድ ነጂ በመስኮት።

«ውሻዋ ፈቃድ ከለከለችኝ» አለ አጎቴ።

«የቷ፣ ባለ አራት እግሯ?»

«ባለ ሁለት እግሯ» አለና በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ይቅርታ አልጠየቅኩም፣ አልጠይቅምም። የአጎቴን ሥራ የዘጋሁት እኔ አይደለሁም። በሩ ግድግዳ ላይ የተሳለ ነበር፤ እኔ በእጄ ነክቼ አሳየሁት እንጂ።

ከደብዳቤው አንድ ሳምንት በኋላ፣ አርብ ማለዳ፣ ውሻዋን ይዤ ልወጣ ስል አጎቴ መኪናውን በር ላይ አስነስቶ አገኘሁት። የኋላ መቀመጫው ላይ የእናቴ አሮጌ አንሶላ ተነጥፏል። የኋላውን በር ከፍቶ ቆሟል፣ ለክቡር እንግዳ እንደሚከፍተው።

«ግቢ» አለ። ለእኔ መስሎኝ ነበር። ውሻዋ ግን ገመዱን ከእጄ አስለቅቃ ዘላ ገባች።

ጎረቤታችን በሯ ላይ ቆማለች። «ወላሂ፣ አሁንስ ለውሻም ታክሲ ሆነ?» አለች።

«ውሻ አይደለችም» አላት አጎቴ፣ መሪውን እየያዘ። ቆም አለና በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «ውሻ ናት» አለ። «ውሻ ናት፣ የእኛ ናት። ምን ትሆኚ?»

ሜዳው ላይ እኔ አይደለሁም የፈታኋት፤ እሱ ነው። እስክትመለስ ድረስ እጁን ዓይኑ ላይ ጋርዶ ቆመ። አቧራዋ ብቻ ነበር የሚታየው። ስትመለስ ገመዷን አሳጥሮ ያዘና፣ እዚያው ድንጋይና እሾህ መሀል፣ ዳኛ ፊት እንዳለ ሰው ትከሻውን ቀጥ አድርጎ ወዲያ ወዲህ አራመዳት። ቀጥ ብላ ተራመደችለት። እኔ ብቻ ነበርኩ ያየሁት፣ ሁለት ፍየሎችም ነበሩ።

ቤት ስንገባ ቧንቧው ጋ ጎን ለጎን ቆምን። ቆርቆሮውን አጋድሞ አፈሩን መጀመሪያ ለእኔ፣ ከዚያ ለራሱ አፈሰሰ። ሰባቱን ጮክ ብለን ቆጠርን፣ ጎረቤት እስኪሰማ።